የድሬዳዋ ዛፍ ከየት መጣ?
ለሞቃትና ለደረቅ ግቢ ተክልን ስለ መምረጥ የቀረበ ትምህርት



ሕዝባችን ለዛፎች ያወጣቸውን ስሞች ያስተዋለ ሰው አንዳንዶቹ እውነቱን ሲናገሩ፥ ሌሎቹ ደግሞ ሲሸፍኑ ያገኛቸዋል። ባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ አገር መምጣቱን ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ዛፍ ነው። ቀይ አበባውን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ የከዚራን ጎዳናዎች የሚያስጌጠው፥ በሌሎች ከተሞቻችንም «የድሬዳዋ ዛፍ» እየተባለ የሚጠራው ዛፍ ግን በትውልዱ የድሬዳዋ አይደለም። የትውልድ ሥፍራው የማዳጋስካር ደሴት ነው። በአንጻሩ የድሬዳዋና የሐረር ሰው ፍሬውን በውሃ በጥብጦ የሚጠጣው ሁመር፥ ዐረቦች «የህንድ ቴምር» ብለው ስለ ሰየሙት ስሙ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ተላልፎ በዓለም ሁሉ የህንድ ዛፍ መስሎ ይኖራል። እርሱ ግን የሐሩር አፍሪካ ተወላጅ ነው። እንግዲህ በስሙ የእኛ የሆነው እንግዳ፥ በስሙ እንግዳ የሆነው የእኛ ነው ማለት ነው።

ይህን የማነሣው ስለ ስም ለመከራከር አይደለም። በቆላው አገር ያሉ ቁምስናዎቻችን፥ ትምህርት ቤቶቻችንና የምእመናን ግቢዎች ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተክላሉ፤ የሚተከለውም ብዙውን ጊዜ የተገኘው እንጂ የተመረጠው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጾ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ከዚያ ወዲህ ችግኝ መትከል የየክረምቱ ሥራ ሆኗል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የተተከለውን የሚቆጥር ብዙ ሲሆን በሁለተኛው ዓመት በሕይወት ያለውን የሚቆጥር ጥቂት ነው። በደጋ የተሳሳተ ምርጫን ዝናቡ ይሸፍነዋል። በቆላ ግን የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ውሃ ተሸካሚው ነው፤ ውሃ የሚሸከሙትም በአብዛኛው እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

የራሴ ስሕተት

ክህነት ተቀብዬ በድሬዳዋ ዙሪያ ወዳለ አንድ ቁምስና በተመደብሁበት በመጀመሪያው ዓመት፥ የደጋ ልጅ እንደ መሆኔ፥ ግቢውን ባየሁ ጊዜ አዘንሁ። አሸዋና ድንጋይ ብቻ ነበር። በስተጓሮ፥ በአጥሩ ሥር፥ ማንም ያልተከላቸው እሾሃማ የሆኑ ሁለት የቁርቁራ ዛፎች ነበሩ፤ እኔም ቁጥቋጦ እንጂ ዛፍ መስለው አልታዩኝም። በዘርአ ክህነት ሳለን በግቢያችን የነበረው የጥድ ረድፍ በዓይኔ ላይ ነበርና፥ የጥድና የግራቪሊያ 120 ችግኞችን ከደጋ በጭነት መኪና አስመጣሁ። ረድፉም እንዲቃና ሁለቱ ቁርቁራዎች እንዲቆረጡ አዘዝሁ። ዘበኛችን፥ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፥ «አባ፥ ይኼ እኮ ፍሬ ይሰጣል፤ ፍየሎቹም እንኳ አላሸነፉትም» አሉኝ። አልሰማኋቸውም።

ችግኞቹ በበዓል ቀን በሕፃናት እጅ ተተከሉ። ዝናቡ እስካለ ድረስ አረንጓዴ ነበሩ። መስከረም ካለፈ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ 5 ሊትር ውሃ ይደረግለት ጀመር። ሒሳቡን ያን ጊዜ አላሰብሁትም፤ ዛሬ ግን ላስላው፦ 120 ችግኝ በ5 ሊትር፥ ሁለት ጊዜ፥ በሳምንት 1,200 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 20 ሊትር 60 ጀሪካን ነው። ከቦኖው እስከ ግቢያችን ያለውን መንገድ 60 ጊዜ፥ ያውም በየሳምንቱ፥ የተመላለሱት የማኅበረ እናቶች አባላትና የመምህራኖቻችን ቤተ ሰቦች ነበሩ። በጥር ወር 9 ችግኞች ቀሩ፤ እነርሱም ሚያዝያን አላዩም። ከእናቶቹ አንዷ፥ ታላቅ ታናሽ ሳይለይ «አንተ» ማለት በለመደው የድሬ ወግ፥ «አባ፥ ለሞተ ነው እኮ የምንሸከመው፤ አታይም እንዴ?» አሉኝ። ቃላቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ደክሟቸው ነበር።

ከተቆረጡት ቁርቁራዎች የአንዱ ጉቶ በዚያው በጋ፥ አንዲት ጣሳ ውሃ ሳይፈስስለት፥ አቆጠቆጠ። ሁለተኛው ከነሥሩ ስለ ተነቀለ አልተመለሰም። ያቆጠቆጠው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሕፃናቱ የሚማሩበትን ጥላ ይሰጣል።

«አገር በቀል» የሚለው ቃል አይበቃም

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፤ ጥዳችን ግን አገር በቀል ነው። በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ከጥንት ጀምሮ ያለ፥ ለቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ክብር የሆነ ዛፍ ነው። እንደ ግራቪሊያው ሁሉ ግን እርሱም ሞተብኝ። ስለዚህ «አገር በቀል ትከሉ» የሚለው ምክር፥ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቢሆንም፥ ለብቻው በቂ አይደለም። ኢትዮጵያ ከባሕር ወለል በታች ካለው ከዳሎል ዝቅታ ጀምራ ከ4,500 ሜትር በላይ እስከሚደርሰው እስከ ራስ ደጀን የምትዘረጋ አገር ናት። የአንዱ ተክል ተወላጅነት የሚቆጠረው በአገር ድንበር ሳይሆን በዝናብ፥ በሙቀትና በአፈር ነው።

ይህን በዓይኑ ለማየት የሚወድ ሰው ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ እስከ ደንገጎ ይውጣ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ በዓመት በአማካይ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፥ እርሱም በበልግና በክረምት ተከፍሎ የሚመጣ ነው። መኪናው ገደሉን እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ግራሩ ይሳሳል፥ እሬቱ ይቀራል፥ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፥ የእርሻውም ዓይነት ይለወጣል። ከላይ ያለው ከታች አይኖርም፤ ከታች ያለውም ከላይ አይወጣም። ስለሆነም «አገር በቀል» ከሚለው ይልቅ «ሥፍራ በቀል» ብንል ይሻላል ብዬ አስባለሁ።

በኮንሶና በጋሞ ምድር የሚበቅለውን፥ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላውን ሽፈራውን ያነሣብኝ ይኖር ይሆናል። ሽፈራው የደቡብ ኢትዮጵያ ተወላጅ ነው፤ ለምሥራቁ ቆላ በጥብቅ ቃል ሥፍራ በቀል አይደለም። ነገር ግን የትውልድ ሥፍራው ሞቃትና ደረቅ በመሆኑ በእኛም ዘንድ ያለ ብዙ ችግር ያድጋል፤ ሌላውንም ሲወርር አልታየም። እኔ በግቢዬ ተክዬዋለሁ፥ አልጸጸትበትምም። መመዘኛው እንግዲህ የዘር ሐረግ ቆጠራ ብቻ አይደለም።

በድርቅ የሚኖር ተክል እንዴት ይኖራል?

የቆላ ተክል ጥበቡን ከሁለት በአንዱ መንገድ ያሳያል፤ ወይ ውሃ ፍለጋ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፥ ወይም ያገኘውን አጥብቆ ይይዛል። ግራር የመጀመሪያውን መንገድ የሚከተል ነው። ገና ከመሬት አንድ ጣት ያህል ብቅ ባለ ጊዜ ዋና ሥሩ ከቁመቱ ብዙ እጥፍ ወደ ታች ወርዷል። ቅጠሉ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ደቃቅ ቅጠል በነፋስ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ትንሽ ውሃ ብቻ ያተናል። ድርቁ ሲጸና ቅጠሉን ጭራሽ ያረግፋል። ይህን ያላወቀ ሰው ሞተ ብሎ ይቆርጠዋል፤ እርሱ ግን እንቅልፍ ላይ ነው።

እሬት ሁለተኛውን መንገድ ይከተላል። ወፍራም ቅጠሉ የውሃ ጎተራ ነው፥ ላዩም ሰም በመሰለ ነገር ተሸፍኗል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን አተነፋፈሱ ነው። ሌሎች ተክሎች የቅጠላቸውን ቀዳዳ በቀን ከፍተው አየር ሲያስገቡ ውሃቸው ይተናል፤ እሬት ግን በቀን ዘግቶ ሌሊት፥ አየሩ ሲቀዘቅዝ፥ ይከፍታል። በሌሊት የወሰደውን አየር አስቀምጦ በማግሥቱ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራበታል። እንዲህ ላለ ተክል በየቀኑ ውሃ ማጠጣት ማሳከም ሳይሆን ማሳመም ነው። በግቢዎቻችን ብዙ እሬቶች የሚሞቱት በጥማት አይደለም፤ ሥራቸው በስብሶ ነው።

መጀመሪያ ሄዶ ማየት

ወደ ችግኝ ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት በአካባቢያችሁ መጥረቢያና ፍየል ብዙ ያልደረሱበትን ሥፍራ ፈልጋችሁ ተመልከቱ። የመቃብር ቦታ፥ የአሸዋማው ደረቅ ወንዝ ዳርቻ፥ የገደል አፋፍ፥ የሙስሊም ወንድሞቻችን የጸሎት ሥፍራ ዙሪያ እንዲህ ያለ ነው። በወንዙ ዳር የቆመው ከጎርፍ ውሃ የሚጠቀም ነው፤ በግቢያችሁም ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በሚያልፍበት ቦታ ይተከላል። በድንጋዩ ላይ የበቀለው ደግሞ ግንባሩን ለፀሐይ በሰጠው ደረቅ ቦታ ይሆናል። አንድ ግቢ አንድ ዓይነት መሬት አይደለምና።

ከመጽሐፍ ይልቅ ሽማግሌ ጠይቁ፤ በተለይም አርብቶ አደሩን። በእኛ አካባቢ ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ አፋሩ ለእያንዳንዱ ግራር የተለየ ስም አለው። በአማርኛ ሁሉንም «ግራር» ብለን የምንጠቀልለው እኛ ነን። አንዱ ለግመል፥ አንዱ ለንብ፥ አንዱ ለከሰል፥ አንዱ ለሙጫ መሆኑን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። (ስለ ግራር ስም ካነሣን ዘንድ፦ የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2005 በቪየና ባደረጉት ጉባኤ «አካሲያ» የሚለው የሳይንስ ስም ለአውስትራሊያዎቹ እንዲቀር በመወሰናቸው፥ የአፍሪካ ግራሮች «ቫኬሊያ» እና «ሴኔጋሊያ» ወደሚባሉ አዳዲስ ስሞች ተዛውረዋል። ፍየሎቹ እስካሁን የሰሙ አይመስልም።)

ለምርጫ የሚቀርቡ ዛፎች

ከሁሉ አስቀድሜ ቁርቁራን አነሣለሁ፤ ዕዳ አለብኝና። ኦሮምኛውም ቁርቁራ ይለዋል፥ ሶማሌዎች ጎብ ይሉታል። በላቲን ስሙ «ስፒና ክሪስቲ»፥ የክርስቶስ እሾህ፥ የተባለው የጌታ የእሾህ አክሊል ከእርሱ እንደ ተሠራ በሚናገር ትውፊት ምክንያት ነው። በበጋም ጥላው አይጠፋም፤ አበባውን ንብ ይወደዋል፤ ጣፋጭ ትንንሽ ፍሬውን ሕፃናት ሳይበስል ይጨርሱታል። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያድጋል፤ ስለዚህ በየጊዜው እየተከረከመ ማገዶና የአጥር እሾህ ይሰጣል። ጉድለቱ እሾሁ ነው። ሕፃናት በሚሮጡበት መንገድ ዳር አይተከል፤ የታችኛው ቅርንጫፉ በልጅነቱ ከተገረዘ ግን ከሥሩ መቀመጥ ይቻላል።

ቀጥሎ ጃንጥላ የመሰለው የቆላ ግራር ነው፤ ኦሮምኛው ደዳቻ፥ ሶማሌኛው ቁራዕ የሚለው። ከምናውቃቸው ዛፎች ሁሉ በድርቅ የጠነከረው እርሱ ነው፤ ከድሬዳዋ ባነሰ ዝናብም ይኖራል። የሚረግፈው ፍሬው በበጋ ለፍየልና ለበግ መኖ ይሆናል። በሥሩ ከሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ጋር ተባብሮ አፈሩን በናይትሮጅን ያዳብራል፤ ስለዚህ ከጥላው ሥር ሣር ይበቅላል። ከግድግዳ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቅ። ሙጫ የሚሰጠውን ኮንትር ግራርን የሚሻ ሰውም በትንሽ ቦታ ሊተክለው ይችላል፤ ቁመቱ አጭር ነው።

ሁመር ከእነዚህ ይልቅ ጥቂት ይበልጥ ውሃ ይወድዳል። በተፈጥሮ የሚገኘውም በደረቅ ወንዞች ዳር ነው። ስለዚህ ቦታው የጣሪያው ውሃ የሚወርድበት፥ ከግንብም 10 ሜትር ያህል የራቀ ሥፍራ ነው። በዝግታ ያድጋል። የተከለው ሰው በጥላው ለመቀመጥ ትዕግሥት ያስፈልገዋል፤ ፍሬውን ለመብላት ደግሞ ልጆቹን ይላክ። ሆኖም አንዴ ከቆመ ትውልድ ይሻገራል፥ ጥላውም ከሁሉ የበለጠ ወፍራም ነው። ለቁምስና ግቢ አንድ ዛፍ ብቻ ምረጥ ብባል ውሃ የሚወርድበት ቦታ እስካለኝ ድረስ ሁመርን እመርጣለሁ።

በደኖ፥ በሌላ ስሙ ጀሞ፥ እሾሃማና ዘገምተኛ ነው፤ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ መቆየቱ ግን ያስከብረዋል። ፍሬው መራራ ጣፋጭ ነው፥ በችግር ጊዜም ብዙዎችን አሰንብቷል። በዓሣ ኩሬ አጠገብ አይተከል፤ ፍሬው በውሃ ውስጥ ዓሣንና ቀንድ አውጣን ይገድላልና። ለዝቅተኛ አጥር ክትክታ ይበቃል። ለድንጋያማው ቦታ ደግሞ እሬት አለ። ኢትዮጵያ ከሌላ አገር የማይገኙ ብዙ የእሬት ዓይነቶች ስላሏት ከተራራው ነቅላችሁ አታምጡ፤ ከእናቲቱ ሥር የሚወጡትን ግልገሎች ከጎረቤት ግቢ ለምኑ።

ስለ ከርቤና ስለ እጣን አንድ ቃል ልጨምር። በየሰንበቱ በማዕጠንት የምናጤሰው ከእነዚሁ ደረቅ አገሮች ዛፎች የሚንጠባጠብ ሙጫ ነው። የሰሜኑ እጣን ከትግራይና ከመተማ በኩል ይመጣል፤ በኦጋዴንና በቦረናም የራሳቸው የእጣን ዛፎች አሏቸው። የከርቤ ዛፍ ደግሞ በኦጋዴን ቆላ በስፋት ይገኛል። የከርቤ ወገን የሆኑት ዛፎች ጠቀሜታቸው ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ከዝናብ በፊት ቢተከል ሥር ማብቀሉ ነው፤ ችግኝ ጣቢያም አያስፈልጋቸውም። በአጥር መልክ የተተከሉ ሕያው ካስማዎች በቆላ መንደሮች ታያላችሁ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አንድ የከርቤ ዛፍ ቢኖር ሕፃናቱ ሰብአ ሰገል ያመጡት ስጦታ ምን እንደ ነበር በእጃቸው ዳስሰው፥ በአፍንጫቸው አሽትተው ያውቁታል። ይህ ለመምህር ትንሽ ነገር አይደለም።

«የድሬዳዋ ዛፍ»ስ ምን ይሁን? የቆመውን ማንም አይቁረጥ። ጥላ ይሰጣል፥ አበባው ያስደስታል፥ ከግቢ ወጥቶም ምድሩን አይወርርም። ለአዲስ ተከላ ግን ሥሩ ወደ ላይ የሚሮጥ በመሆኑ ንጣፍ ያነሣል፤ ቅርንጫፉም በነፋስ በቀላሉ ይሰበራል። ነጭና ቢጫ አበባ ያለው የሥጋ ዘመዱ በራሳችን ደረቅ ቆላዎች ይበቅላል፤ ዘሩን ያገኘ ሰው ይሞክረው። ኒምም እንዲሁ ከህንድ የመጣ ነው፤ ለጥላ የሚታገሡት እንግዳ ነው እንጂ ለአዲስ ተከላ የምመክረው አይደለም።

የማይተከለው

ፕሮሶፒስን በተመለከተ ግን ምንም መለሳለስ የለብኝም። ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ይህ ዛፍ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ አዋሽ ሸለቆና ወደ ድሬዳዋ አካባቢ የገባው በመልካም አሳብ ነበር። አሸዋ እንዲይዝ፥ ጥላና ማገዶ እንዲሰጥ ታስቦ ነው። ቶሎ ያድጋል፥ ውሃ አይለምንም፥ አረንጓዴ ነው። እኔ ያን ጊዜ የቁምስና ኃላፊ ብሆን ኖሮ በደስታ በተቀበልሁት ነበር። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው በየመንገዱ ዘሩት። ዛሬ በአፋር ክልል ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። ግጦሹን ዘግቷል፤ እሾሁ የሰውንና የግመልን እግር ያቆስላል፤ ፍሬውን አብዝተው የበሉ እንስሳት ይታመማሉ። አፋሮች «የደርግ ዛፍ» የሚል ትርጉም ያለው ስም አውጥተውለታል፤ እነሆ ሌላ የሚናገር ስም። ሲቆረጥ ከጉቶው በብዙ እጥፍ ይመለሳል፤ ስለዚህ በግቢያችሁ የበቀለውን ገና በቡቃያነቱ፥ ከመሬት በታች ከአንገቱ ቆርጣችሁ አውጡት።

አንድን ተክል ለአዲስ ቦታ ስናስብ እንግዲህ «ይኖራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ከግቢዬ ወጥቶ በጎረቤቴ መሬት ምን ያደርጋል?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። ለመኖር የሚታገል ተክል ውሃ ያስወጣናል፤ አብዝቶ የሚኖር ደግሞ ጎረቤትን ያስከፍላል።

ቅንጭብን በአጥርነት የሚተክሉ ብዙ ናቸው። ለድርቅ የሚሆን ነው፤ ግን ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ቢገባ ክፉኛ ይጎዳል። ሕፃናት በሚውሉበት ትምህርት ቤት አይኑር።

ዘር፥ ጉድጓድና ውሃ

የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ውሃ አፍልታችሁ ከእሳት አውርዱት፥ ዘሩን ጨምሩበት፥ እስኪነጋ ይደር፤ ያበጠው ለመዘራት ዝግጁ ነው፥ ያላበጠው ይደገምለት። ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፤ ፍየሎች ፍሬውን ከበሉ በኋላ በረታቸው ውስጥ ከበጠጡ መካከል ዘሩን ልቀሙ። የፍየል ሆድ ቅርፊቱን አለስልሶላችኋል።

በፕላስቲክ ከረጢት ረጅም ጊዜ የቆየ ችግኝ ትልቅ ስለ ሆነ ብቻ አይማርካችሁ። ዋና ሥሩ ከረጢቱ ግርጌ ደርሶ ተጠምዝዟል፤ የተጠመዘዘ ሥርም ወደ ጥልቅ አይወርድም። ቁመቱ አንድ ስንዝር የሆነ፥ ሥሩ ያልተጠመዘዘ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር በየጉድጓዱ ሁለት ሦስት ዘር በቀጥታ መዝራት ነው። ጉድጓዱ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠለቅ፤ ከተዳፋቱ በታች በኩል አፈሩ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይከመር፥ የሚወርደውን ውሃ እንዲያቆም። በችግኙ ዙሪያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩ፤ ትነቱን ይቀንሳል። ከዚያም በእሾህ እጠሩት። ፍየል ያልተነገረለት የአትክልት ዕቅድ ዕቅድ አይደለም።

ውሃው አልፎ አልፎ ግን ብዙ ይሁን። በየቀኑ አንድ ጣሳ የሚያገኝ ችግኝ ሥሩን ከላይ ያስቀራል፤ አንድ ቀን ሲረሳ ይሞታል። በሳምንት አንድ ጊዜ 10 ሊትር የሚያገኝ ግን ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። በሁለተኛው ዓመት በወር አንድ ጊዜ ይበቃል፤ በሦስተኛው ይተዉለት። ቁምስናችን አሁን የሚተክለው በዓመት ከ20 አይበልጥም፤ ይህም በሳምንት 10 ጀሪካን ነው። የሸክላ ማሰሮ ያላችሁ፥ ያልተለበጠ መሆኑን አይታችሁ፥ እስከ አንገቱ ከችግኙ አጠገብ ቅበሩትና ሞልታችሁ ክደኑት። አፈሩ ሲደርቅ ውሃው በሸክላው ግድግዳ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አፈሩ ሲረጥብ ይቆማል።

የጣሪያ ውሃንም እናስብ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው አዳራሽ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ 60,000 ሊትር ይወርድበታል፤ ከዚህ ግማሹ እንኳ ቢባክን 1,500 ጀሪካን ይቀራል። በብዙ ግቢዎቻችን ይህ ውሃ በር በር እየቦረቦረ ወደ መንገድ ይወጣል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን እንደ ወሰደ የማያስታውስ ቤተ ሰብ በመካከላችን ብዙ አይገኝም። ያ ጎርፍ ከተራቆተው ከላይኛው ተዳፋት የመጣ እንጂ ከእኛ ጣሪያ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ወራጅ ውሃን በጉድጓድና በሥር ማቆም ከየግቢው ሊጀመር ይችላል።

ለውይይት

1. በግቢያችሁ ማንም ያልተከለው ተክል አለ ወይ? ስሙን በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሶማሌኛ ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ ጻፉ። ምን ይጠቅማል ይላሉ?

2. ባለፉት ሦስት ክረምቶች የተከላችኋቸውን ዘርዝሩ፤ ከሕፃናቱ ጋር ዞራችሁ በሕይወት ያሉትን ቁጠሩ። የሞቱት ከየት የመጡ ነበሩ?

3. ለችግኞቹ ውሃ የሚያመጣው ማን ነው? በሳምንት ስንት ጀሪካን? የሚያመጡት ሰዎች በምርጫው ጊዜ ተጠይቀው ነበር ወይ?

4. ከጣሪያችሁ የሚወርደው ውሃ ወዴት እንደሚሄድ በመጀመሪያው የበልግ ዝናብ ቆማችሁ ተመልከቱና በወረቀት ላይ ሥዕሉን አውጡ። ለክረምቱ የሁመር ጉድጓድ የሚቆፈረው እዚያ ላይ ነው።